እትዬ ይታጠብና የኔ ዘጠና ዘጠኝ

በሩ ላይ አንድ ዘበኛ፣ ውስጡ ደግሞ አንድ ደስታ ከልካይ የሌለው መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም። ዘበኛው ሌባ ይከለክላል፤ አንዳንዴም እንቅልፍ ይወስደዋል። ደስታ ከልካዩ ግን አይተኛም። ሥራህን ጨርሰህ፣ እጅህን አራግፈህ፣ ፈገግ ብለህ ስትመጣ ከመነጽሩ በላይ አሻቅቦ ያይህና አንዲት ጥያቄ ይጠይቅሃል። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ሥራህም አላለቀም፣ ፈገግታህም የለም። በየቤተሰቡም ቢሆን አይጠፋም። ሰው ሁሉ ተሰናድቶ፣ ሻንጣው ተጭኖ፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል «ለመሆኑ በሩን ቆልፈነዋል?» የሚል አጎት የሌለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

የኛዋ ክብርት እትዬ ይታጠብ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ እኛ ነን ያወጣንላቸው፣ ያውም በንዴት። የምንሠራው ውሃ በሚመረመርበትና በሚጣራበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እሳቸው የጥራት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ እሳቸው ያልፈረሙበት ነገር ከግቢው አይወጣም። ቁመታቸው ከማድረቂያ ምድጃው አይበልጥም። ነጭ ገዋናቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊ የሚሆን የሊትመስ ወረቀት አይጠፋም፣ በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። ይህ ራሱ ያናድዳል። በሚጮህ ሰው ላይ መጮህ ይቻላል፤ በእሳቸው ላይ የጮኸ ግን የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው።

ሁለት ቃላት አሏቸው። የመጀመሪያው «ይታጠብ» ነው። ንጹሕ ብርጭቆ ብታሳያቸው «ይታጠብ»። ሦስት ጊዜ ታጥቧል ብትላቸው «እንግዲያው አራተኛው አይከብድህም» ይሉሃል። ሁለተኛው «ባዶውስ?» ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። በኛ ሙያ አንድ ነገር ውሃ አጣራ ለማለት፣ ያ ነገር ያልገባበት ውሃም ጎን ለጎን መፈተን አለበት። ያንን «ባዶ» እንለዋለን። መልካም ሥርዓት ነው፣ አልክድም። የኔ ክስ ክብርትነታቸው ይህን ሥርዓት ከቤተ ሙከራው አውጥተው በሄዱበት ሁሉ ይዘውት መዞራቸው ነው።

አንድ ባልደረባችን ጉንፋን ጥሎት ሰነበተና «ዝንጅብል በማር እየጠጣሁ በሳምንቴ ተነሣሁ!» እያለ በደስታ ሲያወራ፣ ክብርትነታቸው ሻያቸውን እፍ እያሉ «ባዶውስ? ዝንጅብል ያልጠጣው በስንት ቀኑ ተነሣ?» አሉት። ሰውዬው እዚያው እንደገና ማሳል ጀመረ። አለቃችን በዓመቱ ስብሰባ ላይ «እኔ ከመጣሁ ወዲህ የሠራተኛው ትጋት ጨምሯል» ብለው ሲያስጨበጭቡ፣ ከኋላ ወንበር ለስለስ ያለች ድምፅ መጣች። «ባዶውስ? እርስዎ ባይመጡ ኖሮ ስንት ይሆን ነበር?» ጭብጨባው መሐል ላይ ቆመ። በጸሐፊያችን ሠርግ ደግሞ የተሰጣቸውን የጭማቂ ብርጭቆ ይዘው ወደ ጓዳ ገብተው አጥበው ተመለሱ። ሙሽራይቱ በዓይኗ በብረቱ አይታቸዋለች። «እኔንም ሳያጥቡኝ ማለፋቸው በጀኝ» ብላ ሳቀች። እሷ ትሳቅ። ሥራዋ ደብዳቤ መጻፍ ነው፤ ደብዳቤ አይታጠብም።

እኔ ግን አልስቅም። ወደ ራሴ ነገር ልግባ።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤቷ ቧንቧ አሮጌ በመሆኑ ከውስጡ እርሳስ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል። እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን አይደለም፤ ከባዱን ብረት ነው። አይሸትም፣ ጣዕም የለውም፣ የልጅ አእምሮ ላይ ግን ሥራውን ይሠራል። ባለፈው ዓመት ሐኪም የልጅቷን ደም አስመርምሮ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይህን ውሃ መጠጣት አሁኑኑ ታቁም» አለ። እህቴ በየጠዋቱ ንጹሕ ውሃ በጠርሙስ ታስይዛታለች። ልጅቷ ደግሞ ጠርሙሱን ለጓደኞቿ አዳርሳ ራሷ ከቧንቧው ጎንበስ ብላ ትጠጣለች። ቢመክሯትም ቢቆጧትም አልሆነም። «እነሱስ?» ትላለች። ቧንቧው እስኪቀየር ዓመታት ይፈጃል ተባለ። እህቴ ዞራ እኔን ያዘችኝ።

«አንተ ሥራህ ውሃ ማጣራት አይደለም እንዴ? ለአገር ምድሩ የምታጣራውን ለኔ ልጅ አጣራላት!»

ማጣሪያስ ነበረኝ። የብርቱካን ልጣጭ ነው። ከጁስ ቤቶች በጆንያ እናመጣለን፣ እናደርቃለን፣ እንፈጫለን። ልጣጩ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ፤ ማርማላታን የሚያረጋው እሱ ነው። ፔክቲን እርሳስን መያዝ የሚችሉ እጆች አሉት፤ ነገር ግን ከተፈጥሮው አብዛኞቹ ጓንት ያጠለቁ ናቸው፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ ደግሞ ብረቱን አጥብቆ አይዝም። ልጣጩን ገላ በሚያቃጥለው በኮስቲክ ሶዳ ስትዘፈዝፈው ሶዳው ጓንቱን ያወልቅለታል። ከዚያ በኋላ በአጠገቡ የሚያልፈውን እርሳስ ቀጨም ነው። ዝፍዝፉ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ከዚያ ሶዳው እስኪለቅ ድረስ ማጠብ ነው። የኔና የክብርትነታቸው ጠብ ይህች «እስኪለቅ» የምትባለው ላይ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ለማጣሪያው የሚበቃ ሃያ ኪሎ ዱቄት አሰናዳሁ። ቸኩዬ ነበር፣ ምን ይደበቃል። አንድ ቀን የሚፈልገውን ዝፍዝፍ በሁለት ሰዓት አወጣሁት። ሦስት ጊዜ አጠብኩት። የተጣራ ውሃ የሚያወጣልን ማሽን ሽማግሌ ነው፤ በሰዓት አራት ሊትር እያንጠባጠበ ሃያ ኪሎ ዱቄት አሥር ጊዜ እጠቡ የሚል ሰው ራሱ ይጠብ! ከዚያ ሞከርኩት። እርሳስ ያለበት ውሃ ውስጥ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ነቀነቅኩ፣ በማጣሪያ ወረቀት አጠለልኩ፣ የወጣውን ውሃ ለካሁ። ከእርሳሱ መቶ እጅ ዘጠና ዘጠኙ የለም። ዘጠና ዘጠኝ! ብቻዬን ጨፈርኩ። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ውጤቱን በወረቀት፣ ከዱቄቱም ጥቂት ይዤ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው የክብርትነታቸው ክፍል ሮጥኩ።

ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አኑረው ሳያነቡት ከዱቄቱ ቆንጠር አደረጉ። ውሃ ጠብ አደረጉበትና ሊትመሳቸውን ነከሩ። ቀዩ ወረቀት ሰማያዊ ሆነ።

«ይታጠብ» አሉ።

«እትዬ፣ ዘጠና ዘጠኝ እኮ ነው! መጀመሪያ ይዩት እንጂ!»

አዩት። «ጥሩ ቁጥር ነው፣ ልጄ። ባዶውስ?»

«ሠርቻለሁ! ዱቄት ያልገባበት ውሃ ላይ እርሳሱ እንዳለ ነው።»

«እሱ አንዱ ባዶ ነው። ሌላም አለ። እስቲ ይታጠብ።»

«ልጆች እኮ ናቸው የሚጠብቁት! የእህቴ ልጅ ናት!»

«ለዚህ ነዋ የሚታጠበው» አሉና እስክሪብቷቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

ደሜ ፈላ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። አለቃችን የርክክቡን ቀን ቆርጠው፣ የሚያነቡትን ንግግር ሳይቀር አስጽፈው ነበርና ከኔ ብሰው ተናደዱ። ኮሪደሩን በትልልቅ እርምጃ ሄዱ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ በትንንሽ እርምጃ ተመለሱ። «እንግዲህ ምን ላድርግህ? አለቃቸው ነኝ እንጂ ፊርማቸው አይደለሁም» አሉኝ።

ለእህቴ ምን ልበላት? ያየሁትን ነገርኳት። «አንዲት ሴትዮ አለች፣ አልፈርምም ብላ ይዛዋለች» አልኳት። «አለች» ነው ያልኩት፤ አንቱታው በንዴቴ ውስጥ ጠፋ። እህቴ ስትራገም አብሬያት ባልራገምም ድንጋይ አቀበልኳት፤ ቅጽል ስማቸውን፣ የሠርጉን ብርጭቆ፣ ሊትመሱን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

እንዲህ ዓይነት ሰው ምን እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ? ምንም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሹመት የሚፈልግ ሰው ይሾማል፣ ምስጋና የሚፈልግ ይመሰገናል፣ ነገሩም ያልቃል። እሳቸውን በምን ትደልላቸዋለህ? አንዳንድ የዋሆች «ድሮ የደረሰባቸው ነገር ይኖራል» እያሉ ምክንያት ይፈልጉላቸዋል። እኔም ጠያይቄያለሁ። ምንም አልደረሰባቸውም። ቤታቸው ሰላም ነው፣ ልጆቻቸው ደግ ናቸው፣ ባለቤታቸው ይሳሱላቸዋል። እንዲሁ በጤናቸው ነው ሰው የሚያሳርሩት።

በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝ። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ከሄድኩ ግን ለመጣላት ወስኜ ነው የገባሁት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ደርድረዋል።

«ሦስቱም ውስጥ ያለው ያው እርሳስ ያለበት ውሃ ነው» አሉ። «አንደኛው ውስጥ ያንተን ዱቄት እንዳለ ጨመርኩ። ሁለተኛው ውስጥ ዱቄት የለም፤ ዱቄትህን ያጠብኩበትን እጣቢ ብቻ ነው ያፈሰስኩበት። ሦስተኛው ውስጥ ዱቄትህ አለ፣ አሥራ አንድ ጊዜ አጥቤው። አጥልለህ አንተው ለካው፤ እኔ አልነካም።»

ለካሁ። አንደኛው ዘጠና ዘጠኝ። ደረቴን ነፋሁ። ሁለተኛው ዘጠና ስምንት። እንደገና ለካሁት፤ ዘጠና ስምንት። ሦስተኛው ሠላሳ አንድ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነገሩ ገብቶኛል። ልጣጭ በሌለበት ብርጭቆ እርሳሱ ከጠፋ፣ ያጠፋው ልጣጩ አይደለም። ሳይለቅ የቀረው ሶዳ ነው። ሶዳው እርሳሱን ነጭ ደቃቅ ዝቃጭ ያደርገዋል፤ ዝቃጩ ከዱቄቱ ጋር የማጣሪያ ወረቀቴ ላይ ይቀራል፤ እኔም ልጣጩ ያዘው ብዬ ብቻዬን እጨፍራለሁ። ማጣሪያው ትምህርት ቤት ቢተከል ኖሮ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠጡት ሶዳ ነበር። ሶዳው ታጥቦ ሲያልቅ ደግሞ እርሳሱ ጓንት ባጠለቁት እጆች መሐል እየተንሸራተተ ያልፋል። ሐኪም ከቧንቧው የከለከላትን ልጅ «ንጹሕ ነው» ብዬ በገዛ እጄ ላጠጣት ነበር።

«ጓንቱ አልወለቀም፣ ልጄ» አሉ። «በሁለት ሰዓት ምን ይወልቃል?»

ቢሳለቁብኝ ይቀለኝ ነበር። «አላልኩህም?» የምትለዋን ቃል ጠበቅኩ፣ አልመጣችም። ሠላሳ አንዷን በመዝገቡ ላይ ጻፉ። ከዚያ «እስከዚያ ልጅቷ ከየት ነው የምትጠጣው?» ብለው ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ትምህርት ቤቱ እንደተከፈተ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ለትምህርት ቤቱ በየጠዋቱ ሁለት በርሜል ንጹሕ ውሃ ማድረስ ጀመረ። በማን ፊርማ እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። ሁለት በርሜል ለስምንት መቶ ልጅ ግን ምን አላት? ከመጀመሪያው ዕረፍት በፊት ታልቃለች። እህቴ ይህንንም ስትሰማ «መደለያ!» አለች። «ያቺ ሴትዮ ናት አሁንም የያዘችው?»

«አሁንም ናት» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሁለት ወር ሠራን። «ሠራን» የምለው ክብርትነታቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረውኝ ስለቆሙ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ዘፈዘፍን። የሎሚ አሲድ ጨምረን ምድጃ ውስጥ አበሰልነው፤ አሲዱ ለልጣጩ ተጨማሪ እጆች ይተክልለታል። ከዚያ ማጠብ። ስምንተኛው ላይ «በቃ!» እላለሁ፤ «ወረቀቱ ይበቃል ይበል እንጂ አንተ ምን አገባህ» ይሉኛል። ዘጠነኛ። አሥረኛ። ጨጓራዬን ላጡት። አንድ ጊዜ ባልዲውን ወርውሬ ወጥቻለሁ። ስመለስ ባልዲውን አንሥተው፣ እሱንም አጥበውት አገኘሁ። በስተመጨረሻ፣ ታጥቦ፣ ባዶውም የእጣቢው ባዶም ተፈትኖ፣ ዘጠና አራት ወጣ። የትምህርት ቤቱ ውሃ በዚያ ሲያልፍ የሚቀረው እርሳስ ከተፈቀደው በታች ሆነ። ክብርትነታቸው ፈረሙ። ፊርማቸው ጉንዳን ታክላለች።

የተከላው ዕለት ልጆቹ በግቢው ቧንቧ ፊት ኩባያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አለቃችን ንግግራቸውን አንብበዋል። እህቴ ከወላጆቹ መሐል ወጥታ፣ ነጭ ገዋን የለበሱትን ትንሿን ሴትዮ ከሩቅ ለይታ፣ ቀጥታ ሄደች። ሮጬ ልደርስባት አልቻልኩም።

«እትዬ ይታጠብ የሚሉዎት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው። በዚያ ስም ፊት ለፊት የጠራቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

«ነኝ» አሉ።

«ሁለት ወር! ልጄ መርዝ ስትጠጣ ሁለት ወር ሙሉ አንዲት ፊርማ ነፈጉኝ! እርስዎ ልጅ አልወለዱም?»

«ሦስት ወልጃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አስቻለዎት?»

ክብርትነታቸው በእሷ ትከሻ ላይ አሻግረው አንድ ጊዜ አዩኝ። ፈጥነው ዓይናቸውን ከኔ መለሱ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት። «ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ ሊዘጋ ነው፤ እህቴ እኔን ትወዳለች፣ ሴትዮዋን ትጠላለች፣ ውሃው ይፈሳል። በዚያች ደቂቃ በእትዬ ይታጠብ የተናደድኩትን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም። አንድ ጠብታ ሶዳ የማያሳልፉ ሰው የኔን ውሸት እንዴት እንዲህ በቀላሉ ያሳልፉታል?

«ተያቸው!» አልኩ፤ ድምፄ ሰልፉን ዞር አስባለው። «እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ። ያ ያለቀስሽለት ዱቄት ሶዳ ነበር። ቸኩዬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቢፈርሙልኝ ኖሮ ልጅሽን የማቃጥላት እኔ ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ አውቄ ዋሽቼሻለሁ።»

እህቴ ትክ ብላ አየችኝ። የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። ወደ እሳቸው ዞረች። «ታዲያ እኔ ስሰድብዎት ለምን ዝም አሉ?»

«ወንድምሽ ነው» አሉ። «እኔን ብትጠይኝ ምን ይቀርብኛል? እሱን ከጠላሽ ግን ሌላ ወንድም ከየት ታመጪያለሽ?»

እህቴ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። እሳቸውን ግን በየቀኑ ትደውልላቸዋለች፤ ስለምን እንደሚያወሩ አልጠይቅም። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ በእሳቸው እንደተናደድኩ ነኝ። ዛሬ ጠዋት እንኳ የጨረስኩትን ሥራ መልሰውብኛል። እወዳቸዋለሁ፤ በግድ ነው እንጂ በፈቃዴ አይደለም፣ ግን እወዳቸዋለሁ።

ያን ቀን በግቢው ውስጥ ሰልፉ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። የእህቴ ልጅ ተራዋ ደረሰ። ኩባያዋን ሞልታ እስከ ታቹ ጨለጠችውና በእጇ ጀርባ አፏን ጠርጋ መልሳ ደቀነችው። እኛ ሁላችን እትዬ ይታጠብን አየናቸው። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ ሊትመሱ ሄዶ ነበር። ከዚያ ባዶውን ወጣ። ልጅቷ ሁለተኛውን ጠጣች።